ጥፋትን ማመን ስንት ያስከፍላል?

በ2012ቱ የለንደን ኦሊምፒክ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሸራ ጀልባ ውድድሩ የተካሄደው ከከተማዋ ርቆ በደቡብ እንግሊዝ፣ በዌይማውዝ ባሕር ላይ ነበር። ፊን በተባለው የአንድ ሰው ጀልባ ምድብ እንግሊዛዊው ቤን ኤንስሊ አራተኛ የኦሊምፒክ ወርቁን ይፈልጋል። ዴንማርካዊው ዮናስ ሆግ-ክሪስተንሰን ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ቀድሞት ሰንብቷል። ታዲያ በአንዱ ውድድር ኤንስሊ መታጠፊያውን የሚያሳየውን ተንሳፋፊ ምልክት ሲዞር፣ ሆግ-ክሪስተንሰንና ሆላንዳዊው ፒተር-ያን ፖስትማ ምልክቱን ነክተሃል አሉት። ምልክት መንካት ክልክል ነው። ኤንስሊ አልነካሁም ባይ ነበር፤ ሆኖም እዚያው ውሃው ላይ ጀልባውን አንድ ሙሉ ዙር አዙሮ ቅጣቱን ከፈለ። ነገሩ ዳኞች ፊት ቢቀርብ ሁለት ሰው በአንድ ቃል እንደሚመሰክርበት ገብቶታል። ወደ ወደብ ሲመለስ ቁጣውን ለጋዜጠኞች አልደበቀም። በመጨረሻ ወርቁን ወሰደ፣ ሆግ-ክሪስተንሰን ብር ደረሰው።

እግር ኳስ ለለመደ ዐይን ይህ እንግዳ ነገር ነው። ፊሽካ አልተነፋም፣ ካርድ አልተመዘዘም፣ ቪዲዮ ተመልሶ አልታየም። የተከሰሰው ሰው በልቡ ጥፋቱን ሳያምን ራሱን ቀጣ። አብዛኛው የትናንሽ ሸራ ጀልባዎች ውድድር እስከ ዛሬ የሚካሄደው እንዲህ ነው። አርባና ሃምሳ ጀልባ ብዙ ኪሎ ሜትር በሚሸፍን ውሃ ላይ ሲበተን እያንዳንዱን መነካካት የሚያይ ዳኛ ማሰማራት አይቻልም። ስለዚህ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን፣ ወርልድ ሴሊንግ፣ በየአራት ዓመቱ እያሻሻለ የሚያወጣው የሕግ መጽሐፍ ገና ከመግቢያው ሸክሙን ተወዳዳሪው ላይ ይጥላል። ሕጉን ማክበርም ማስከበርም የእናንተ ነው፤ ያጠፋ ሳይጠየቅ ቅጣቱን ይቀበል፣ አስፈላጊ ከሆነም ከውድድሩ ይውጣ ይላል።

ይህን ያነበበ ሰው ሸራ የሚዘረጋው ሁሉ ጨዋ ይመስለዋል። የስፖርቱ ወዳጆችም እንዲህ ብለው መተረክ ይወዳሉ። እኔ ግን መጽሐፉን ባየሁት ቁጥር የሚታየኝ ሌላ ነገር ነው። ሕጉን የጻፉት ሰዎች በሰው ልጅ ጨዋነት ላይ እምብዛም አልተማመኑም። ጨዋ መሆን ብዙ እንዳያስከፍል፣ መዋሸት ደግሞ እንዳያዋጣ አድርገው ሒሳቡን ሠሩት እንጂ።

ከመንገድ መብቱ እንጀምር። ጀልባ በሸራ ስትሄድ ነፋሱ ወይ በቀኝ ወይ በግራ ጎኗ ይመጣል። ሁለት ጀልባዎች ሲገናኙ ነፋሱ በግራ ጎኗ የሚመጣው፣ በቀኝ ጎኗ ለሚመጣው ታሳልፋለች። ሁለቱም በአንድ ጎን ከሆኑና ጎን ለጎን ከሄዱ ለነፋሱ የቀረበችው ለራቀችው ትለቃለች፤ ከኋላ ያለችው ደግሞ ከፊት ላለችው። መታጠፊያው ምልክት ዘንድ፣ በጀልባዋ ቁመት ሦስት እጥፍ ክልል ውስጥ፣ ለውስጠኛዋ ጀልባ መዞሪያ ቦታ መስጠት ግዴታ ነው። ዝርዝሩ ይረዝማል፤ የማታ የክበብ ጭቅጭቅ ሁሉ የሚፈላው እዚያ ዝርዝር ውስጥ ስለሆነ እንለፈው።

ከሁሉ በላይ የሚገርመው አንቀጽ 14 ነው። ማንኛዋም ጀልባ፣ መንገዱ የእሷ የሆነውም ጭምር፣ በተቻላት መጠን ከሌላ ጀልባ ጋር ከመነካካት መራቅ አለባት። ባለመብቷ ሌላኛዋ እንደማታሳልፍ ግልጽ እስኪሆን ድረስ መንገዷን ይዛ መሄድ ትችላለች። ግልጽ ከሆነ በኋላ ግን መብት አለኝ ብሎ መግጨት ራሱ ጥፋት ነው።

ችግሩ ማስረጃ ላይ ይመጣል። ባለመብቱ ሸሽቶ ግጭቱን ካስቀረ፣ ያላሳለፈውን ሰው በምን ይከሰዋል? ጭረት የለ፣ የተሰበረ ነገር የለ። ያኛው «በፊትህ በደህና አልፍ ነበር፣ በከንቱ ደነገጥክ» ቢለው ምን ይመልሳል? ወርልድ ሴሊንግ ሕጉን የሚያብራሩ የውሳኔዎች መድበል ያሳትማል፤ በውስጡ ቁጥር 50 የተሰጠው ውሳኔ ይህን ጥያቄ ይመልሳል። ባለመብቱ በእውነትና በምክንያት ግጭት ፈርቶ አቅጣጫ ከቀየረ፣ ሌላው ሳይነካው ማለፍ መቻሉ ደግሞ አጠራጣሪ ከሆነ፣ የሚሰረዘው ያላሳለፈው ነው። ጥርጣሬው ለሸሸው ይቆጠራል።

ይህን ከእግር ኳስ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። የቅጣት ክልል ውስጥ ጥፋት የተሠራበት አጥቂ ሚዛኑን ጠብቆ በእግሩ ቢቆም ፊሽካው ብዙ ጊዜ አይነፋለትም። ስለዚህ መውደቅን ይማራል፣ ቀጥሎም ሳይነኩት መውደቅን። ውሃው ላይ ግን የሸሸ ሰው ክሱን አያጣም። ያ ውሳኔ ባይኖር ኖሮ እያንዳንዱ ባለመብት ፍትሕ ለማግኘት መጋጨት ሊኖርበት ነው፤ የአሥር ዓመት ልጅ ኦፕቲሚስት በተባለችው፣ ርዝመቷ ሁለት ሜትር ተኩል በማይሞላ የልጆች ጀልባ ውስጥ ተቀምጦ «ልግጨው ወይስ ልሽሽ?» ብሎ ሊያመዛዝን ነው። ሸራውን ከታች የሚይዘው አግድም ምሰሶ የሚወዛወዘው ልክ የተቀመጠ ልጅ ጭንቅላት በሚደርስበት ከፍታ ነው። ግጭት ማለት እንግዲህ የጀልባ ቀለም መፋቅ ብቻ አይደለም።

መጽሐፉ እዚህ ላይ አንድ ቀዳዳ ትቷል። ባለመብት የሆነች ጀልባ መራቅ ስትችል ብትነካና ጉዳትም ቁስልም ካልደረሰ፣ ይቅር ትባላለች። ይህ ምሕረት ለቀስታ ጀልባ የተሰፋ ነው። ከነፋሱ ተቃራኒ በሰዓት አሥር ኪሎ ሜትር አካባቢ የሚሄዱ ሁለት ጀልባዎች ጠርዝ ለጠርዝ ቢተሻሹ ማንም አይሞትም፤ በእያንዳንዱ መተሻሸት ችሎት ቢቀመጥ ደግሞ ማታ እራት የሚበላ ሰው አይገኝም። ምሕረቱ የት ላይ እንደሚያጥር ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ዋጋው። በጥንቱ ሕግ ያጠፋ ሰው ምርጫው አንድ ብቻ ነበር፤ ከውድድሩ መውጣት። ምልክት በእጅጌው ጫፍ የዳሰሰም፣ ሌላውን ጀልባ የበሳም እኩል ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። በዚያ ዘመን ዴንማርካዊው ፖል ኤልቭስትሮም ከ1948 እስከ 1960 በተከታታይ አራት የኦሊምፒክ ወርቅ አገኘ። የተፎካካሪዎቹን አክብሮት አጥቶ የሚገኝ ድል ድል አይደለም የሚለው አስተሳሰቡ ዛሬም በየክበቡ ይነገራል። እንደ እሱ ላለ ሰው ይህ ይበቃ ይሆናል። ለተራው ተወዳዳሪ ግን የቀኑን ድካም ሁሉ በአንዲት ጭረት አሳልፎ መስጠት ከባድ ነው። እና ምን ያደርጋል? አላየሁም ይላል።

መፍትሔ ሆኖ የመጣው ማዞር ነው። ዛሬ ሌላ ጀልባ ላይ ያጠፋ ሰው ከግርግሩ ወጣ ብሎ ጀልባውን ሁለት ሙሉ ዙር ያዞራል፤ ምልክት የነካ አንድ ዙር ይበቃዋል። ሁለቱ ዙሮች ልምድ ላለው ሰው ግማሽ ደቂቃ ገደማ ይወስዳሉ። ጥቂት ጀልባ ያልፈዋል፣ ከዚያ ጥፋቱ ተሰርዞ ውድድሩ ይቀጥላል፤ በዚያ ጉዳይ ዳግመኛ ሊቀጣ አይችልም። ከባድ ጉዳት ያደረሰ ወይም በጥፋቱ ትልቅ ጥቅም ያገኘ ብቻ ነው እንደ ጥንቱ የሚወጣው። ኤንስሊ ዌይማውዝ ላይ ያደረገው ስሌት የሚገባን እዚህ ላይ ነው። አንዲት ዙር የታወቀ ወጪ ናት፤ ችሎቱ ግን የማይታወቅ።

ችሎቱ ራሱ ሊታይ የሚገባው ነው። ውድድሩ ሲያልቅ ከሳሽና ተከሳሽ የክበቡ አንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ። ዳኞቹ ብዙውን ጊዜ ራሳቸው ሸራ የሚዘረጉ ሰዎች ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ትናንሽ የጀልባ ሞዴሎች ተደርድረዋል፤ ሁለቱም ወገኖች ሞዴሎቹን በጣታቸው እየገፉ «እኔ እዚህ ነበርኩ፣ ነፋሱ ከወዲያ ነው» እያሉ ያስረዳሉ። ምስክር ይጠራል፣ ጥያቄ ይቀርባል፣ ዳኞቹ የሆነውን ጽፈው ይፈርዳሉ። እዚህ ቦታ ላይ ግን ሒሳቡ ሲንሸዋረር ይታየኛል። አርባ ጀልባ በተመዘገበበት ተከታታይ ውድድር በችሎት የተሸነፈ ሰው 41 ነጥብ ይጻፍበታል፤ ነጥብ ሲበዛ ውጤት ይወርዳል። ከውድድሩ በኋላ ጥፋቱን አምኖ በራሱ ፈቃድ የወጣ ሰውም የሚጻፍበት ያው 41 ነው። ቢያምንም ቢክድም ዋጋው እኩል ከሆነ፣ ክህደት ቢያንስ የማምለጥ ዕድል አላት። ለምን ያምናል?

ይህን የተረዱ አዘጋጆች በሕጉ አባሪ ላይ የተቀመጠውን የሽምግልና መንገድ ይጠቀማሉ። ችሎቱ ከመጀመሩ በፊት አንድ ሰው ሁለቱን ወገኖች ለአጭር ጊዜ ያዳምጥና አስተያየቱን ይነግራቸዋል። አጥፊው በዚህ ጊዜ ካመነ፣ ካልጨረሰ ጀልባ ነጥብ 30 በመቶው ብቻ ይጨመርበታል። በአርባው ጀልባ ምሳሌያችን አምስተኛ የወጣ ሰው 41 መሆኑ ቀርቶ ወደ 17 አካባቢ ይወርዳል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ዋጋ ሰው ይከፍላል።

ሌላ ቀዳዳ ደግሞ ነበር። በተከታታይ ውድድር እያንዳንዱ ተወዳዳሪ የከፋ ውጤቱን አውጥቶ ይጥላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ሆን ብሎ አጥፍቶ ቢሰረዝ የተሰረዘበትን ውጤት መጣል ይችላል። ይህን የሚደፍነው፣ ስለ ፍትሐዊ ውድድር በሚናገረው አንቀጽ 2 ሥር የሚሰጠው፣ ሊጣል የማይችል ስረዛ ነው። የከፋ ብልግና ከሆነ ደግሞ አንቀጽ 69 አለ። በ2011 አውስትራሊያ ፐርዝ ላይ በዓለም ሻምፒዮና፣ የቴሌቪዥን ሠራተኞችን የያዘ ጀልባ ማዕበል እያስነሣ አሰናከለኝ ብሎ የተናደደው ኤንስሊ ጀልባው ላይ ወጥቶ ከሠራተኞቹ ጋር ተጣላ፤ በዚህ አንቀጽ ተቀጥቶ ከሁለት ውድድሮች ውጤቱ ተሰረዘ፣ ሻምፒዮናነቱም አመለጠው። ዌይማውዝ ላይ ሳያምን ራሱን የቀጣውና ፐርዝ ላይ ቁጣውን መቆጣጠር ያቃተው ሰው አንድ ነው፤ በመካከላቸው ዓመት እንኳ አልሞላም።

ትኅትና የሚመስለውም ነገር ሁሌ ትኅትና አይደለም። ሁለት ጀልባዎች ከነፋሱ ተቃራኒ እየሄዱ ሊቋረጡ ሲሉ፣ ባለመብቱ አንዳንዴ እጁን አወዛውዞ «እለፍ!» ብሎ ይጮኻል፤ ራሱም ትንሽ ዞር ብሎ በሌላው ጀርባ በኩል ያልፋል። ከዳር ለሚያይ ደግነት ነው። ሰውየው ግን የፈራው ሌላ ነው። ያኛው መብቱን አክብሮ በአፍንጫው ሥር ቢታጠፍበት የተበላሸ ነፋስ ያስታቅፈዋል፤ የመረጠውንም አቅጣጫ ያስለቅቀዋል። ስለዚህ ቢያሳልፈው ይሻለዋል፤ ያለፈውም አመስግኖ ይሄዳል።

የፍትሐዊነት ጥያቄ በከባዱ የተነሣው በ2000ው የሲድኒ ኦሊምፒክ፣ ሌዘር በተባለው ጀልባ ምድብ ነው። ከዚያ በፊት በ1996 አሜሪካ ሳቫና ላይ በመጨረሻው ውድድር ብራዚላዊው ሮበርት ሻይድትና ኤንስሊ ሁለቱም ቀድመው ተነሥተው ተሰርዘው ነበር፤ በነጥብ ይመራ የነበረው ሻይድት ወርቁን ወሰደ። ሲድኒ ላይ ተራው ተገለበጠ። ሻይድት እየመራ ወደ መጨረሻው ውድድር ገባ፤ ኤንስሊ ወርቅ የሚያገኘው ሻይድት በጣም ወደ ኋላ ከቀረ ብቻ ነው። እናም ውድድሩን ትቶ ሻይድትን ያዘ። ነፋሱን ሸፈነበት፣ መንገዱን ዘጋበት፣ እየጎተተ ከሁሉ ኋላ አስቀረው። ሻይድት አምልጦ ብዙ ጀልባ አለፈ፤ ግን በመካከሉ ሁለቱ ተነካክተው ስለነበር ጉዳዩ ችሎት ደረሰ፤ ሻይድት ተሰረዘ። ወርቁ የኤንስሊ፣ ብሩ የሻይድት ሆነ። ብራዚል ውስጥ ቁጣው ከባድ ነበር።

ይህ ፌር ፕሌይ ነው? ከመድበሉ ቁጥር 78 ነው ይላል። ድርጊቱ የራስህን የመጨረሻ ደረጃ ሊያሻሽል የሚችል ከሆነ፣ ተፎካካሪህን ማዘግየት የተፈቀደ ስልት ነው። ያን ስታደርግ ሆን ብለህ አንዲት ሕግ ከጣስክ ግን ፍትሐዊነትን አፍርሰሃል። በቂም ወይም ለጓደኛ ውለታ ለመዋል የሚደረግ መሰናክልም አይፈቀድም። ይህ መስመር ትክክለኛ ቦታ ላይ የተሰመረ ይመስለኛል። የኤንስሊ ድርጊት ዐይን ላይ አያምርም፤ በራሴ ላይ ቢደረግ ቂም እይዝ ነበር። ነገር ግን ጨዋነትን በለስላሳነት ብንለካው፣ ዳኛው የተወዳዳሪውን ልብ መመርመር ይኖርበታል። ሕግ ተጣሰ ወይስ አልተጣሰም የሚለው ጥያቄ መልስ አለው፤ ልቡ ደግ ነበር ወይ የሚለው የለውም።

ስለ ሸራ ጀልባና ጨዋነት ሲወራ ሁሌ የሚነሣው ታሪክ የካናዳዊው ሎረንስ ለሙ ነው። በ1988ቱ የሴውል ኦሊምፒክ፣ ቡሳን ላይ፣ በኃይለኛ ነፋስ ሁለተኛ ሆኖ ሲሄድ የሌላ ምድብ ጀልባ ተገልብጦባቸው ሁለት ሲንጋፖራውያን ባሕር ውስጥ አየ። ውድድሩን ትቶ አዳናቸው፤ 22ኛ ሆኖ ገባ። ሰውየው ለአፍታም ያሰላ አይመስለኝም፤ የተሰጠው የፒየር ደ ኩበርተን ሜዳሊያም ይገባዋል። ታሪኩ ሲነገር የሚዘለለው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አደጋ ላይ ያለን መርዳት በመጽሐፉ የመጀመሪያው አንቀጽ ግዴታ ነው፤ በመርዳቱ ደረጃ ያጣ ተወዳዳሪ ደግሞ ካሣ ይጠይቃል። ዳኞቹም የዚያን ውድድር ሁለተኛነቱን መለሱለት። በአጠቃላይ 11ኛ መውጣቱ ከማዳኑ ጋር አይገናኝም። ሕጉ ቀደም ብሎ ደግነትን ከኪሳራ አድኖታል።

በ2008 ቻይና ቺንዳኦ ላይ የሆነው ይበልጥ ያከራክራል። በፎርቲ ናይነር ምድብ እየመሩ ለመጨረሻው ውድድር የወጡት ዴንማርካውያን ዮናስ ዋረርና ማርቲን ኪርኬተርፕ ምሰሷቸው ተሰበረ። ለመጨረሻው ውድድር ያላለፉት ክሮኤሻውያን ፓቭሌ ኮስቶቭና ፔታር ጹፓች የራሳቸውን ጀልባ አበደሯቸው። ዴንማርኮቹ ዘግይተው ደርሰው፣ በሌላ አገር ጀልባ ሰባተኛ ገብተው ወርቁን ወሰዱ። ስፔንና ጣሊያን ተቃወሙ፤ ጉዳዩ እስከ ዓለም አቀፉ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ሄዶ ወድቋል። ክሮኤሻውያኑ ተሸለሙ። ተቃዋሚዎቹን ግን ብዙ ሰው ምቀኛ አደረጋቸው፤ ይህን አልቀበልም። ጀልባ መቀየር በደንብ የተገደበ ነገር ነው፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ጥያቄ ነበር፤ በአግባቡ ቀርቦ በአግባቡ መልስ አገኘ።

ተቃውሞን እንደ ነውር ማየት የዚህ ስፖርት እውነተኛ በሽታ ነው። በትናንሽ ክበቦች ሰዉ ሁሉ ይተዋወቃል፤ ቅዳሜ የከሰስከው ሰው እሑድ ጀልባህን ከውሃ ሲያወጣ የሚያግዝህ ነው። ይሉኝታ ይይዛል። የተገፋው ዝም ይላል፣ ያጠፋው ሳይዞር ይቀጥላል። ሁለት ወር ሳይቆይ ደፋሩ ሁልጊዜ መንገድ እንደሚለቀቅለት ይማራል፤ አዲስ የመጣው ልጅ ደግሞ ሕጉ ለጌጥ የተጻፈ ይመስለዋል። ርካሹ ቅጣት የሚሠራው ውድ የሆነው ከጀርባው ሲጠብቅ ብቻ ነው። «ተቃውሞ አለኝ!» ብሎ የሚጮኽ ሰው ከሌለ ሁለቱን ዙር የሚዞር ሞኝ አይኖርም።

ዋጋው ሲንር ደግሞ ይህ ሁሉ ስሌት መፍረሱ አይቀርም። በኦሊምፒክ የመጨረሻ ውድድሮች ዳኞች በሞተር ጀልባ ተከትለው እዚያው የሚፈርዱት ለዚህ ነው፤ ሜዳሊያ በእጁ ሊገባ ያለን ሰው ራስህን ቅጣ ማለት ብዙ መጠየቅ ነው።

ፍጥነትም መጣ። በ2024 ማርሴይ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የታየው ፎርሙላ ካይት ተወዳዳሪውን በትልቅ ካይት እየጎተተ፣ ከውሃ በላይ በቀጭን ክንፍ አንሥቶ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ሊያስኬደው ይችላል። ናክራ 17 የተባለችው ባለ ሁለት አካል ጀልባም በእንዲህ ያለ ክንፍ ነው የምትሄደው። ሁለት እንዲህ ያሉ ተወዳዳሪዎች ፊት ለፊት ሲመጡ ለውሳኔ የሚቀራቸው ጥቂት ሰከንድ ነው፤ የራስ ቁር የሚያደርጉት በከንቱ አይደለም። እዚህ ላይ ነው ያ ጉዳት ካልደረሰ ይቅር የሚለው ምሕረት የሚያጥረው። ባለመብቱ ከመሸሽ ይልቅ መጠበቅ ያዋጣዋል፤ ጉዳት መድረስ አለመድረሱ ግን በዚያ ፍጥነት በእሱ እጅ አይደለም።

አሁን በሥራ ላይ ያለው መጽሐፍ እስከ 2028 ማብቂያ ይቆያል። በሚቀጥለው እትም፣ ቢያንስ በክንፍ ለሚሄዱት ምድቦች፣ ባለመብቱም ሊያስቀረው ይችል ለነበረ ለማንኛውም መነካካት እንዲጠየቅ ቢደረግ እመርጣለሁ። የሚቃወሙት ባለመብቱን ፈሪ፣ አጥፊውን ደፋር ታደርጋላችሁ ይላሉ። ስጋታቸው መሠረት አለው። ግን ለዚህ ስጋት መልሱ በቁጥር 50 ውስጥ ቆይቷል፤ የሸሸ ሰው በጥርጣሬ ሳይቀር ክሱን የሚያሸንፍ ከሆነ በመሸሹ የሚያጣው ጥቂት ሜትር ነው፤ ያስሸሸው ደግሞ ማታ ሞዴሎቹ ጠረጴዛ ፊት ይቀመጣል።